ቅርንጫፍ ለጠየቀች ጎረቤት

የእኛ ሰው «ትንሽ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል እንጂ አያምንበትም። እስቲ ትንሽ ውኃ ልጠጣ ብላችሁ አንድ ሐበሻ ቤት ጎራ በሉ። ውኃው ከምሳ ጋር ይመጣል፤ ምሳው ከመክሰስ ይያያዛል፤ ስትወጡ ደግሞ በፌስታል የተቋጠረ ነገር እጃችሁ ላይ ይንጠለጠላል። ውኃውን ጠጥታችሁት እንደሆነ ግን አታስታውሱም። ጉርሻ እንኳ አንድ ብቻ ከሆነ ያጣላል ተብሎ ሌላው ይከተለዋል። ጠያቂን የጠየቀውን ያህል ብቻ ሰጥቶ መሸኘት በእኛ ዘንድ ከስስት አይለይም።

ካልጋሪ ስንገባም ይህንኑ አመል ይዘን ነው የገባነው። ብርዱ ብዙ ነገራችንን አኮማትሮታል፤ ይቺን ግን አልቻላትም።

ጋሼ ተስፉ ለዚህ ምስክር ናቸው። ሞንተሬይ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ቤዝመንታቸውን ያከራዩኝ ሰው ናቸው። የአስመራ ልጅ ሲሆኑ አማርኛን በትምህርት ቤት ተምረውት ከእኔ ከአዲስ አበባዋ አሳምረው ይናገሩታል፤ ስሳሳትም ያርሙኛል። ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚሉት የፋብሪካ ሰፈር፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ የወጣ እጅ ደግሞ ሥራ ፈላጊ ነው፤ ይህን ያዙልኝ።

ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ ጥጉ ላይ፣ የቀድሞው ባለቤት የተከለው አንድ ሴዳር ነበር። ሴዳር ያው የመጽሐፍ ቅዱሱ ዝግባ ወገን ነው ይላሉ። ካልጋሪ አይስማማውም። በክረምቱ መሀል ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ይመጣና በጋ የገባ አስመስሎ ያታልለዋል፤ በማግስቱ ብርዱ ተመልሶ ያደርቀዋል። በየሰፈሩ ቡናማ ሆኖ የቀረ ስንት ሴዳር አለ። የጋሼ ተስፉ ግን እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ አረንጓዴ እንደሆነ ጣሪያው ድረስ አድጓል።

ከአጥሩ ወዲያ ዶሪን ትኖራለች። የከተማ አውቶቡስ ነጂ ናት። በምዕራብ ካሉት ተራሮች ማዶ፣ ከባሕሩ ዳርቻ የመጣች፣ የዚህ አገር የነባር ሕዝብ ልጅ ናት። ሴዳር ለእነሱ ምን እንደሆነ በአጥሩ ላይ ተደግፋ የነገረችኝ እሷ ናት። ቤታቸው ከእሱ፣ ታንኳቸው ከእሱ፣ ገመዳቸውና የዝናብ ባርኔጣቸው ከልጡ፣ የሕፃን መጠቅለያው ሳይቀር ከእሱ። አንዷን ሳንቃ በእንፋሎት አለስልሰው አራት ማዕዘን ያጥፏትና ምስማር የማያውቃት ሣጥን ትሆናለች። ልጡን ሲልጡ ከአንድ ወገን ጠበብ ያለች ጥብጣብ ብቻ ይወስዳሉ፤ ዛፉ ቁስሉ ሽሮለት መኖር አለበታ። ከመንካታቸው በፊት ደግሞ ምን እንደሚፈልጉና ለምን እንደሆነ ለዛፉ ይነግሩታል፣ ያመሰግኑታል። ሐዘን ሲገባባቸው በለምለሙ ቅርንጫፍ ትከሻቸውን ይጠርጉታል፤ ሐዘኑ እንዲራገፍ።

«የቴስ ዛፍ የእኛ አገሩ ዓይነት አይደለም፤ የአጎቱ ልጅ ቢሆን ነው» አለችኝ። ጋሼ ተስፉን ቴስ ነው የምትላቸው። «ግን ከቤቱ የራቀ ሰው ዘመድ አያማርጥም። የእናቴ መቃብር ሩቅ ነው። እሷ ስትናፍቀኝ የምመጣው እዚህ ዛፍ ሥር ነው።»

ይህን አባባል ከእኛ ከስደተኞቹ እንጂ በገዛ አገሯ ከምትኖር ሰው እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

አንድ ዓርብ ዶሪን ጠራችኝ። እሑድ የእናቷ ሙት ዓመት ነው፤ እኅቶቿ ከባሕሩ ዳርቻ እየነዱ ይመጣሉ። እሑድ ጠዋት መጥታ ከዛፉ ጥቂት ቅርንጫፍ ራሷ እንድትቆርጥ ጋሼን አስፈቅድላት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ገብቼ ነገርኳቸው።

«ለእናቷ ሙት ዓመት?» አሉ።

«አዎ ጋሼ። ጥቂት ቅርንጫፍ ነው የፈለገችው።»

«እህ» ብለው በመስኮቱ ዛፉን ከታች እስከ ላይ አዩት።

ያንን አስተያየት መጠርጠር ነበረብኝ። ለእናት ተዝካር በሬ የሚጣልበት አገር ያደጉ ሰው ናቸው፤ ጎረቤት ሐዘን ላይ ተቀምጣ ቅጠል ቆርጦ መስጠት እንዴት ይዋጥላቸው?

ቅዳሜ ጠዋት ከሌሊት ሺፍት ገብቼ ጋደም እንዳልኩ የሞተር መጋዝ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። የመንገድ ሥራ ነው ብዬ ትራሴን ጆሮዬ ላይ ደፋሁ። ጩኸቱ ሲቆም ግን አንድ ከባድ ነገር መሬት መታ፤ ቤዝመንቱም ተንቀጠቀጠ። ይኼም የመንገድ ሥራው ነው ብዬ መልሼ ተኛሁ። ነቅቼ ደረጃውን ስወጣ ጥጉ ባዶ ነው፤ ሰማዩ ብቻ ይታያል። ጋሼ ተስፉ ከድሮ የሥራ ባልደረባቸው መጋዝ ተውሰው ሴዳሩን ከሥሩ ገንድሰውታል። በዕቃ ጋሪ ጎትተው ዶሪን ደጃፍ ላይ አጋድመውታል። ወገቡ ላይም ነጭ ጥብጣብ አስረውለታል።

«ምን አደረጉ ጋሼ?»

«ቅርንጫፍ አለች አይደል? ይኸው ሁሉም አለላት። ለእናት ሙት ዓመት እየቆነጠርኩ ልስጣት እንዴ?»

ላባቸውን እየጠረጉ ፊታቸው ያበራል። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባል የለ? ፊቱም ነበረ፣ ፍትፍቱም ተርፎ መንገዱን ዘግቷል።

ዶሪን በሩን ከፈተች። ዛፉን አየች፤ ጥብጣቡን አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ ባዶውን ጥግ አየች። «አመሰግናለሁ ቴስ» አለች ቀስ ብላ። በአጠገባችን አልፋም ጉቶው ዘንድ ሄደች። ተንበረከከች፣ መዳፏን ዘርግታ አሳረፈችበትና በቋንቋዋ ትናገር ጀመር። ንግግሯ ረጅም ነበር። ድምፅዋም ይቆራረጣል።

ጋሼ ጠጋ አሉኝ። «ምን እያለች ነው?»

«ይቅርታ እየጠየቀች መሰለኝ።»

«ማንን?»

«ዛፉን።»

«እሷ ደግሞ ምን አጠፋች?»

«ስለ እርስዎ ነው ጋሼ።»

በሹክሹክታ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቅርንጫፉ ከቆመ ዛፍ ላይ ተለምኖ የሚወሰድ እንደሆነ፣ ዶሪን እናቷን የምታስበው እዚያ ዛፍ ሥር እንደነበረ ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንግዲያ የደብር ዛፍ ነዋ የቆረጥኩት» አሉ። ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለገኝም። በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የቆመ ጥድ ነፋስ ቢጥለው እንኳ ለማገዶ የሚመኘው የለም፤ የማን እንደሆነ ይታወቃል። እሳቸው ቤቱ የእሳቸው ስለሆነ ዛፉም የእሳቸው መስሏቸው ነበር። ሰውዬው እንደዚያ ቀን አሳዝነውኝ አያውቁም።

ዶሪን ከዛፉ አንዲት ቅጠል አላባከነችም። እሑድ እኅቶቿ መጥተው በቅርንጫፉ እርስ በርስ ትከሻቸውን ተጠራረጉ። ጋሼ ራቅ ብለው ቆመው ሲያዩ ታላቂቱ ጠራቻቸውና የእሳቸውንም ትከሻ ጠረገችላቸው። አለቀሱ። ልጡ ተገምዶ ገመድ ሆነ፤ ግንዱን እንጨት ለሚቀርጽ ዘመዳቸው ጭነው ወሰዱለት።

ጋሼም ቸስተርሚር አካባቢ ካለ ችግኝ መሸጫ ጉልበት የማትደርስ ሴዳር አምጥተው ከጉቶው አጠገብ ተከሉ። ክረምቱ ሲገባ የገዛ ጋቢያቸውን አለበሷት። ቺኑክ በነፈሰ ቁጥር ወጥተው «እንዳትታለዪ» እያሉ በትግርኛ ሲመክሯት እሰማለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጋሼ ተስፉ ከዛፍ ጋር መነጋገር ጀመሩ ተብሎ ተወራ። እኔም አላስተባበልኩም፤ እውነት ነዋ።

ዓመቱ ዞረ። ዶሪን ዘንድሮ አማላጅ አልላከችም፤ ራሷ መጣች። ከትንሿ ዛፍ አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ እንዲፈቅዱላት ጠየቀች።

«አይሆንም» አሉ ጋሼ ተስፉ።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐበሻ ለሙት ዓመት የተጠየቀውን ሲከለክል ይኸው በዓይኔ አየሁ።

«ሕፃን ናት» አሉ ጋሼ፣ ከፊቷ ቆመው። «አትነካም።»

ዶሪን ሳቀች። እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ተንበርክካ ለዛፏ የፈለገችውን ነገረቻት፣ አመሰገነቻት። ለጋሼም በጣቷ ለክታ «ይህን ያህል አይጎዳትም» አለችና መቀሱን ሰጠቻቸው። ያንን ሁሉ ግንድ የጣለ እጅ መቀሱን ሦስት ጊዜ አስጠግቶ ሦስት ጊዜ መለሰ። ጣት የምታህል ቅጠል ቆርጠው መዳፏ ላይ አስቀመጡላት፤ እሷም በሁለት እጇ ይዛት ገባች።

ጋሼ ግን መቀመጥ አቃታቸው። ሳሎኑን ይዞሩታል፣ በመስኮት ያያሉ፣ «ጣት የምታክል!» ይላሉ ለብቻቸው። በመጨረሻ ጃኬታቸውን ደርበው ወጡ። ሲመለሱ ከሐበሻ ዳቦ ቤት ያመጡትን የጋሪ ጎማ የሚያህል ድፎ ታቅፈው፣ በቀጥታ ወደ ዶሪን በር። ተከተልኳቸው፤ ሁለት እጃቸው በድፎው ተይዟል፣ እኔ ካልሄድኩ ማን ደወሉን ይጫን?

ዶሪን በሩን ከፍታ ድፎውን አየች።

«ቴስ፣ እኔ የጠየቅሁህ ቅርንጫፍ ነበር።»

«ዛፏን አልነካሁም» አሉ ጋሼ ተስፉ።