አረንጓዴውን ይጫኑልኝ

ሰዉን አረንጓዴ ያስጫንኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

ሀብሩ ወረዳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ቢሮ፣ የመሬት ይዞታ የሚመዘገብበት መስኮት ላይ እቀመጣለሁ። ዲጂታል ሆናችኋል በተባልን ጊዜ መዝገቡ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ፤ መስኮቴ ላይም ባለጉዳይ መርካት አለመርካቱን የሚገልጽበት ታብሌት ተተከለ። ሁለት ፊት አለው፤ የሚስቅ አረንጓዴና ያኮረፈ ቀይ። የበላዮቻችን ወልድያ ተቀምጠው ቀለማችንን ያያሉ። ሰልፋችንን አያዩም።

እናንተ ደግሞ የአገሬን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ቅር ቢለው እንኳ መርቆ ነው የሚሰናበተው። ፊት ለፊቱ የተቀመጠችን ሴት በቀይ መክሰስ እንዴት ይሆንለታል? እኔ ግን በይሉኝታው ብቻ አልተማመንኩም፤ እለምን ነበር።

አባ ሰይድ ግራና ከሚባለው ቀበሌ መጡ። ልጃቸው ሞቶ ምራታቸው ዘይነባ ከሕፃናቷ ጋር ቀርታለች። የሟቹ ወንድሞች ዓይን በአባ ሰይድ መሬት ላይ ስላረፈ፣ ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ በስሟ ሊያዞሩላት ፈለጉ። ተራቸው ሲደርስ ኔትወርክ ጠፋ።

«ሌላ ቀን ይመለሱ አባ። እስከዚያው አረንጓዴውን ይጫኑልኝ።»

«ጉዳዬ መች አለቀና?»

«ለእኔ ብለው።»

«ላንቺማ! አላህ ያክብርሽ» ብለው እየሳቁ ተጫኑት።

አረንጓዴያችን ለመለመ። ኔትወርክ የሚያጠናክር መሣሪያ ሲመጣ ታዲያ «እነሱማ ምን ችግር አለባቸው» ተባለና ቀይ ለበዛበት ወረዳ ተሰጠ። ለእኛ ምስጋና ደረሰን።

አባ ሰይድ ምርኩዛቸውን ይዘው ተመላለሱ። አንድ ቀን ኔትወርኩ የማይስተካከልበትን ምክንያት ሲጠይቁኝ፣ መሣሪያው በአረንጓዴያችን የተነሳ እንዳለፈን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ስል አቀረቀሩ።

«ለካ መንገዱን የዘጋሁት እኔው ነኝ! አፉ በይኝ ልጄ፤ ለዚህ ሁሉ ሰው ጦስ ሆንኩ።»

«የለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። ኃላፊዬ አጠገቤ ቆሟል።

«ግድ የለም አባ» አልኳቸው። ይቅር ባይዋ እኔ ሆንኩ!

ክረምቱን አልተሻገሩም። ባለመሬቱ በሕይወት ሳለ ካልፈረመ ዝውውሩ አይመዘገብም፤ ዘይነባ ዛሬ ከባሏ ወንድሞች ጋር ሽማግሌ ፊት ትሟገታለች። ባለፈው ገበያ ወጥታ ጎራ አለችና እጄን ይዛ፣ «አባባ እስከ መጨረሻው ሲመርቁሽ ነበር» አለችኝ።

አሜን አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? እሷን ይቅርታ ለመጠየቅ ገና አልደፈርኩም። እናንተ ግን ይቅር በሉኝ።