ስድስቱ ቧንቧዎች

የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ የክቡር አቶ ፍቅረማርያም የግል ድረ ገጽ በአሰላ ከተማ ትልቅ ክብር ያለው ድረ ገጽ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የእሳቸው አንድ ፎቶ ብቻ ሲታይበት ማንም አልተሰላቸም፤ የከፈተው ሰው አልነበረማ።

የኮምፒውተር ባለሙያችን ይስሃቅ ነው ነገር ያመጣው። «ብሎግ ይግባበት። በየሳምንቱ ትኩስ ነገር ካልወጣበት ድረ ገጹ ይሞታል» አላቸው።

«ትኩስ ነገር ከየት ይመጣል?»

«የሠሩትን መጻፍ ነዋ።»

አቶ ፍቅረማርያም ተነሥተው በመስኮቱ ወደ ግቢው ተመለከቱ።

ግቢያችን ውስጥ አንድ ቧንቧ አለ፤ ከደረቀ ስምንት ወሩ። የጽዳት ሠራተኛችን እታገኘሁ ከታች ሰፈር በጀሪካን ውሃ ስትሸከም ወገቧ አልቋል፤ ተስፋዋ ሊዘረጋልን የታቀደው አዲስ መስመር ብቻ ነው። አቶ ፍቅረማርያም ግን አርቆ አሳቢ ናቸው። እታገኘሁን ጀሪካኗን አሸክመው ቧንቧው ከተተከለበት ግንብ ኋላ በርጩማ ላይ አቆሟት፣ በጎማ ከቧንቧው ጋር አገናኟት፣ ሪባን ቆረጡ። እሷ አፈሰሰች፣ ውሃው ወረደ፣ እኛ አጨበጨብን። «የዘመናት ጥያቄ ተመለሰ» የሚል ጽሑፍ ብሎጉ ላይ ወጣ። ስልሳ ሁለት ሰው ወደደው።

በሳምንቱ ያው ቧንቧ ሰማያዊ ተቀባና «ሁለተኛው ቧንቧ» ተመረቀ። ቀጥሎ ቢጫ። እኔም ከመዝገብ ቤት እየተጠራሁ ሳጨበጭብ መዳፌ ተላጠ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይል ነበር።

«ጌታዬ፣ ወገቤን» አለች እታገኘሁ በአምስተኛው ምረቃ።

«አይዞሽ፣ ልማት ነው» አሏት።

ስድስተኛው እንደተመረቀ ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣ። ስድስት ቧንቧ ላለው መሥሪያ ቤት ተጨማሪ መስመር ስለማያስፈልገው መስመሩ ለጎረቤት ከተማ ለሳጉሬ መሰጠቱን፣ የሳጉሬ ባልደረቦችም ተሞክሮ ሊቀስሙ እንደሚመጡ በአክብሮት ይገልጻል። እታገኘሁ ይህን ስትሰማ ጀሪካኗ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ኃላፊያችን ደብዳቤውን ብሎጋቸው ላይ አወጡት።

የሳጉሬ ሰዎች መስመራቸው ከገባ በኋላ መጡ። መሪያቸው ወይዘሮ ናኢማ እጃቸውን ሲታጠቡ ሳሙናው ሳይለቅ ውሃው ቆመ። ሴትየዋ ቀስ ብለው ከግንቡ ኋላ ዞሩ።

«እህቴ፣ ቴክኖሎጂው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እመቤቴ።»

«እኛ ጋ ውሃው በራሱ ይመጣል። ያጣነው የጽዳት ሠራተኛ ነው። ትመጫለሽ?»

የዝውውር ቅጹ በአሥረኛው ቀን ደረሰ። አቶ ፍቅረማርያም «ሞቼ ነው የምለቃት» ብለው ብዕር አነሱ። ቅጹ ላይ ግን «ሠራተኛዋን መልቀቅ የማይቻልበት ምክንያት» የሚል ክፍት ቦታ አለ። ግማሽ ቀን አፈጠጡበት። ስድስት ቧንቧ የጻፉ ሰውዬ አንድ ጀሪካን መጻፍ አቃታቸው።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አሉኝ።

«እውነቱን» አልኳቸው።

ፈረሙላት።