ሳሎን ውስጥ የቆመች ታንኳ

«በእጅ የተሠራ ነው» ሲባል የማያደንቅ ሰው አላየሁም። ጣጣው የሚመጣው «በማን እጅ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ለመሆኑ እኛ ቢሮ የምንውል ሰዎች እጃችንን ለምን ለምን እንደምንጠቀምበት አስበን እናውቃለን? እንፈርምበታለን፤ እንጨባበጥበታለን፤ ስብሰባ ላይ ሌሎች ማውጣታቸውን አይተን ቀስ ብለን እናወጣዋለን። ከዚያ ወዲያ እስከ ምሳ ሰዓት ሥራ ፈት ነው። እኔ ራሴ በሙያዬ የሕንፃ ንድፍ አውጪ ነኝ። ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ኮምፒውተር ላይ በሁለት ሳምንት ቀጥ አድርጌ አቆማለሁ። ቤቴ ውስጥ የመጋረጃ መስቀያ ሲወልቅ ግን የሚጠራው ጎረቤት ነው።

ታዲያ ባለፈው ዓመት፣ ገና ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ባለቤቴ እመቤት አዋጅ አወጀች። ዘንድሮ ከሱቅ የተገዛ ጌጥም ሆነ ስጦታ ወደዚህ ቤት አይገባም፤ ሁሉም በገዛ እጃችን ይሠራል አለች። በየዓመቱ ከአልጋ ሥር እየወጣ ቅጠሉን ምንጣፉ ላይ የሚያራግፈው የፕላስቲክ ዛፍም በክብር ጡረታ ወጣ። ማን ለማን እንደሚሠራ ደግሞ በዕጣ ይለይ ተባለና ስማችን ተጽፎ ባርኔጣዬ ውስጥ ገባ። እመቤት ልጃችንን ሶስናን አወጣች፤ ሶስና እናቷን። እኔ ወረቀቴን ስገልጠው «መሪጌታ ልሳነ ወርቅ» ይላል። ባርኔጣው ውስጥ የቀረችው ወረቀት የእኔው ስም እንደነበረች፣ ለእኔ የሚሠራ ሰው እንደሌለም የገባኝ ከሳምንት በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ስለራሴ የማስብበት ልብ አልነበረኝም።

መሪጌታ ልሳነ ወርቅ አማቴ ናቸው። ማክሰኝት ይኖራሉ፤ ገናን የሚውሉት ከእኛ ጋር ባሕር ዳር ነው። በልጅነታቸው ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች ባንዱ ዜማ ተምረዋል፤ ጎልምሰው ደግሞ ዓይናቸው እስኪደክም ብራና ጽፈዋል። ስጦታ አይወዱም እንዳልል በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ መርቀው ነው የሚወስዱት። ግን ዕቃ እሳቸው ዘንድ አያድርም። የመጀመሪያውን ዓመት ጋቢ በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንድ ነዳይ ለብሶት አገኘሁት። ጃንጥላውን አንድ ዲያቆን ይዞት ይዞራል። በሬዲዮኑ ደግሞ የደብሩ ጥበቃ እስከ ዛሬ ዜና ይሰማበታል አሉ። እኔን ንቀው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያላቸውን መስጠት ልማዳቸው ነው። ማወቅ ሌላ፣ መቻል ሌላ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በውስጤ ስከፋ ኖሬአለሁ። እሳቸው ልጃቸውን ሰጡኝ፤ እኔ የተሰጠኝን አሳልፌ ለማንም አልሰጠሁም። እሳቸውስ ከእኔ አንዲት ነገር ቢያስቀሩ ምን ነበረበት?

ስለዚህ የማይሰጥ ነገር ልሠራላቸው ቆረጥሁ። ከደሴቱ ወደ ምድር፣ ከምድር ወደ ደሴቱ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ሣር፣ ከደንገል፣ በተሠራ ታንኳ ሲመላለሱ የነበረበትን ዘመን ደጋግመው ያወራሉ። እንግዲያው ክንድ የማታህል ታንኳ ከደንገል እሠራለሁ፤ እሳቸውም መጻሕፍታቸው አጠገብ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጧታል። ለነዳይ አትለበስ፣ ለዲያቆን ዝናብ አትከለክል! በዚህ ሐሳቤ ራሴን እያደነቅሁ ንድፍ አወጣሁ። የፊቱን፣ የጎኑን፣ የላዩን ገጽታ በልክ በልኩ አሳምሬ፣ በትልቅ ወረቀት አትሜ ወደ ጋሽ ሰይድ ሄድሁ።

ጋሽ ሰይድ ከቤታችን የሩብ ሰዓት መንገድ ራቅ ብሎ፣ ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠራ ሰው ነው። አባቱም ይኸንኑ ይሠሩ ነበር፤ አያቱም። ንድፌን ተቀብሎ ገለበጠው፤ መልሶ አቃናው፤ ከዚያ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጫነበትና ዳግመኛ አላየውም። «ስንት ሰው ትጭናለች?» ሲል ጠየቀኝ። ማንንም አትጭንም አልሁት። «እህልስ?» እህልም አትጭን። «እንጨት?» እሱንም። «ታዲያ ምን ልትሆን ነው?» መደርደሪያ ላይ ትቀመጣለች አልሁት። ታሞ የመጣ ዘመድ እንደሚታይ አድርጎ አየኝ። «ወላሂ ወንድሜ፣ ሰው የማትጭን ታንኳ መሥራት አላውቅም። እሷ ታንኳ አይደለችም፤ እስር ደንገል ናት። ደንገሉስ ምን አጠፋ?» አለኝ።

ብለምነው ብማጸነው እጁ ሰው ከምትጭን ታንኳ በታች አይወርድም። ትንሽ ካልህ የአንድ ሰው ነው፤ ከአንድ ሰው ያነሰ ሰው የለም አለ። በዚህ ተስማማን። በእጄ መሥራት እንዳለብኝ ግን አጥብቄ ነገርሁት። «እሺ፣ አንተም እሰር» አለኝ።

የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ? ጋሽ ሰይድ ሜትር የለው፣ እርሳስ የለው። ደርቆ ከተከመረው ደንገል ሳያይ ያነሳል፤ ያነሳው ልክ ይሆናል። ከዛፍ የተላጠችውን ማሰሪያ፣ ልጧን፣ በእጁ ያዞራታል፤ በጥርሱ ይይዛታል፤ በተረከዙ ደንገሉን ረግጦ ይስባታል። ያ ሰፈፍ የሚል ቀላል ነገር «እህ» ብሎ ይጠብቃል፤ ብረት ይሆናል። አንዱ እስር ባንዱ ላይ እየተኛ፣ አፍንጫዋ ቀስ እያለ ወደ ላይ እየተቃና፣ ምንም ካልነበረበት ሜዳ ላይ ታንኳ ስትመጣ በዓይኔ አየሁ። ስንት ሕንፃ አውጥቻለሁ፤ እንዲህ አፌን ከፍቼ የቀረሁበት ቀን አልነበረም። እኔ መስመር ብሳሳት መሰረዣ አለኝ፤ እሱ ቢሳሳት የሚሰምጠው ሰው ነው። ከቢሮ ሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ አጠገቡ ተቀመጥሁ። በሦስት ቀን ውስጥ አምስት ቋጠሮ አሰርሁ፤ አራቱን ጋሽ ሰይድ ፈትቶ ደግሞ አሰራቸው። አምስተኛዋን፣ በስተኋላዋ ያለችውን፣ ያልፈታት ደክሞት ይሁን አዝኖልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ግን መዳፌ ተልጦ በጨርቅ ስለተጠቀለለ ታንኳዋን የሠራሁ ያህል ተሰምቶኝ ነበር።

ተሸክመናት ወደ ቤት ስንሄድ ያገኘን ሰው ሁሉ አዘነልን። «ሐይቁ እኮ በዚያ ነው!» ይለናል። አንድ ባለባጃጅ እንዲያውም ቆሞ፣ እንግዶች መስለነው፣ መንገዱን በደንብ አድርጎ አሳየን። ጋሽ ሰይድ ለሁሉም «እናውቃለን፣ እናውቃለን» ይላል፤ ፊቱ ላይ ግን ማወቁ አያስታውቅም።

ቤት ስንደርስ ታንኳዋ ሳሎኑ ውስጥ አልተኛ አለች። አፍንጫዋ ኩሽና ሲገባ ጭራዋ በር ላይ ይቀራል። የቀረው አንድ መላ ነበር፤ ጥግ ላይ ቀጥ አድርገን አቆምናት። ጣሪያውን ልትነካ ስንዝር ቀርቷት፣ ጫፏ ጎንበስ ብሎ፣ ከታች ሰፍታ ከላይ ቀጥና ቆመች። እመቤት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስታያት ቆየችና ሳቀች። ዛፉ ተገኘ! አለች። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፤ ሶስና ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ የቆረጠቻቸው ኮከቦች፣ እመቤት ቀለም የቀባቻቸው ትንንሽ ቅሎችና ባዶ የእንቁላል ቅርፊቶች በየልጧ ላይ ተንጠለጠሉ። ጎረቤቱ እየመጣ አያት። እኔም «በእጅ የተሠራች ናት» እላለሁ። በማን እጅ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

መሪጌታ የመጡት በዋዜማው ረፋድ ላይ ነው። በር ላይ ተሳልመውን ገቡና ድንገት ቆሙ። «ይች ታንኳ ምን አጥፍታ ነው ያቆማችኋት?» አሉ። የእርስዎ ስጦታ ናት አልኋቸው። ቀረብ አሉ። በእነዚያ ብራና በለመዱ ጣቶቻቸው ልጧን ከላይ እስከ ታች ዳሰሷት፤ አንድ ቦታ ላይ፣ ከታች በኩል፣ ጣታቸው ቆም አለ። ማን እንደሠራት ጠየቁኝ። በጨርቅ የተጠቀለለ እጄን ከፍ አድርጌ «እኔ ነኝ» አልሁ። ቀጥዬም ጋሽ ሰይድ የሚባል ሰው ትንሽ እንዳገዘኝ ተናገርሁ። ትንሽ! ይችን ቃል ስናገር ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። እሳቸው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ብቻ አሉኝ፤ ማታም ወደ ማሕሌታቸው ሄዱ።

በማግስቱ፣ ተቀድሶ፣ ጾሙ ተፈትቶ፣ ዶሮው ከተበላ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ሰይድ ነው። እንኳን አደረሳችሁ ሊል ነው የመጣው፤ ዓይኑ ግን እኛን አልፎ ጥጉ ላይ ነው። ውሃ ሳታይ እንዲህ መቆሟ እንቅልፍ ነስቶኛል አለ። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «እውነትህን ነው። ነፋሱ ሳይነሳ ትውረድ» አሉ። ማን ያስቆማቸዋል? እመቤት «ኧረ አባየ፣ በዚህ እድሜዎ!» ብትል የሚሰማት አላገኘችም። ታንኳዋ ከነኮከቧ፣ ከነቅሏ ወረደች። በዚያው መንገድ ተሸክመናት ስንመለስ አንድም ሰው አቅጣጫ ሊያሳየን አልሞከረም።

ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሽማግሌ ጫማቸውን አወለቁ፤ ነጠላቸውን አጣፉ፤ ረጅሙን የመቅዘፊያ ቀርከሃ ከጋሽ ሰይድ ተቀበሉና ተቀመጡባት። አንድ ጊዜ ገፉ። ታንኳዋ ያለ ድምፅ ሄደች። ጣና እንደ መስተዋት ነው። ቤት ውስጥ በምርኩዝ የሚሄዱት ሰው ውሃው ላይ ወጣት ሆኑ፤ ትከሻቸው ተፈታ፤ ቀርከሃው ሲወጣና ሲወርድ እንኳ አይንጠባጠብም። ኮከቦቹ ፀሐይ እየመታቸው ያበራሉ፤ ቅሎቹ ቀስ ብለው ይጋጫሉ፤ እሳቸውም በለሆሳስ ማዜም ጀመሩ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ። ጋሽ ሰይድ የሚያየው ሰውየውን አይደለም፤ ታንኳዋ ውሃ ላይ ቀጥ ማለቷን ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም አለቀስሁ። ሰው በባዶ እጁ ከደረቅ ሣር ይህን ያወጣል?

በስተኋላዋ በኩል ያለው ደንገል ሲበተን ያየሁት ያኔ ነው። የእኔ ቋጠሮ! ጭራዋ እንደ መጥረጊያ ተከፈተና ውሃው ወደ መሪጌታ ወጣ። በገና ቀን፣ በእኔ ስጦታ፣ አማቴ ሊሰምጡ ነው! በአዲሱ ሱፌ፣ በጫማዬ ሐይቁ ውስጥ ገባሁ። ጉልበቴ ላይ ሲደርስ መሪጌታ ዘወር ብለው፣ ዜማቸውን ገታ አድርገው፣ «አንተ እዚያው ቁም! መዋኘት የማትችለው አንተ ነህ» አሉኝ። ከዚያ ረጋ ብለው ቀርከሃቸውን እየገፉ፣ እስከ ወገባቸው ርሰው ዳር ደረሱ።

ወርደው የተፈታችውን ልጥ ከውሃው አወጧት። ይችን ማን አሰራት? አሉ። ጋሽ ሰይድ ማዶ ያለውን ተራራ ማየት ጀመረ። እኔ ነኝ አልሁ። «ሌላውንስ?» ሌላውን በሙሉ ጋሽ ሰይድ ነው፤ ዋሽቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኋቸው። መሪጌታ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴ ላይ ሳቁ። «ስንት ዘመን ብራና የጻፈ ሰው የእጅ ልዩነት ይጠፋዋል ብለህ ነው? ትናንት ስዳስሳት አውቄአታለሁ። አንተ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁ» አሉኝ። ቋጠሮዋ እንደማትይዝ አውቀው ነው የወጡት? ብዬ ጮህሁ። «አዎ። ታንኳ ናታ፤ ምን ላድርግ?» አሉ።

ቀጥለው ወደ ጋሽ ሰይድ ዞሩና ታንኳዋን ሰጡት። አልቀበልም ብሎ ቢምልም መረቁትና ሰጡት። ስጦታዬ እሳቸው ዘንድ አንድ ቀን እንኳ አልሞላም፤ ከእነ ጋቢው ከእነ ሬዲዮኑ ሁሉ ይኸኛው ፈጠነ። እኔ ግን ያኔ አልከፋኝም፤ ወደ ሠራት እጅ ተመለሰች። መሪጌታ ግን ያችን እርጥብ ልጥ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። «ይችኛዋ የአንተ ናት። እሷን ለማንም አልሰጥም» አሉኝ።

ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አልደብቃችሁም። ከወር በኋላ ማክሰኝት ስደውል ሰላምታውን ሳንጨርስ ስለ ልጧ ጠየቅሁ። አልሰጧትም። መቋሚያቸውን ምሰሶው ላይ ያንጠለጠሉት በእሷ ነው። ይዛለች ወይ? አልኋቸው።

«ኧረ ጥሩ አድርጋ ይዛለች» አሉኝ፤ ቀጥለውም፣ «ያሰርኋት እኔ ነኝ» አሉ።