ገደፋው ጽዋውን ይዘው በበርበሬው መካከል እንዳለፉ

በዘመነ ማቴዎስ፣ ገደፋው በቡሬ መናኸሪያ ጀርባ ቪዲዮ ቤት በከፈቱ በአራተኛው፣ ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ አባታቸው አቶ ገብረ ኢየሱስ ባረፉ በመንፈቁ፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት የሆነው ይህ ነው።

እኒህ ገደፋው ቁመታቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም፣ ዝናቸው ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም የተሰማ፣ ሞአ ማይክራፎን፣ የባዕድ ቋንቋ ድል አድራጊ ነበሩ፤ ድል አድራጊ የተባሉትም ቋንቋውን ስለሚያውቁት ሳይሆን ስለማይፈሩት ነው። የሰላይ ፊልም በመጣ ጊዜ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቀመጡና፣ ፈረንጆቹ የሚሉትን ሁሉ፣ ያላሉትንም ጨምረው፣ በጎጃም አማርኛ ይመልሱት ነበር። ሰላዩ ከፎቅ በአንድ እጁ ሲንጠለጠል፣ ተመልካቹም ትንፋሹን ሲውጥ፣ ገደፋው በፊልሙ ውስጥ የሌለ ማስነጠስ በማይኩ ያስነጥሱ ነበር፤ ቤቱም በሳቅ ይናወጥ ነበር። ትምህርታቸውንም እንዲህ ሲሉ ያውጁ ነበር፦ «ልብ ማንጠልጠል ብቻውን ጨው የሌለው ወጥ ነው፤ ሳቅ ብቻውንም ወጥ የሌለው ጨው ነው። ሁለቱን የሚያዋሕድ እሱ ባለሙያ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ!»

አባታቸው ግን ሲሞቱ አንድ ወንበር ትተው ነበር፤ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው የትውልድ ቀያቸው፣ በሚካኤል ጽዋ ማኅበር ውስጥ ያለ ወንበር። የዚያ ማኅበር ሕግ እንዲህ ነው፦ አባቱን የሚተካ ልጅ ጠላ የሞላውን የሸክላ ጽዋ በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ካለፈው ወር ደጋሽ ቤት ይረከብና፣ ማኅበርተኛው ተቀምጦ ወደሚጠብቅበት ወደ አባቱ ቤት ብቻውን ያደርሳል። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴ የሚባለው፣ ተቀብሎ «አፍህ ተፈታ» እስኪለው ድረስም ጽዋውን መሬት አያስቀምጥም፣ ከሰው ጋር ቃል አይለዋወጥም። ቃል ከተነፈሰ ወንበሩ ለቅርብ ዘመድ ያልፋል። የቅርብ ዘመድ የተባለው የአጎታቸው ልጅ መሐሪ ነበር፤ እሱም ከማለዳ ጀምሮ አዲስ ጋቢውን ለብሶ ከወንበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ መቀመጡ ብቻ ነው የቀረው።

እናታቸው ወይዘሮ ማሚቱ በዋዜማው አዋጅ አስነገሩ፦ «አንተ ልጅ፣ ተኝተህ እንኳ ታወራለህ። የአባትህን ወንበር በምላስህ ብትጥልብኝ ዓይንህን እንዳላይ። ነገ አንድ ቀን ብቻ እንደ በሬ ሁንልኝ፤ ከበሬም የማያገሣውን።»

ገደፋውም መከሩ፤ የመከሩት ከራሳቸው ጋር ብቻ ነበርና ምክሩ የተበላሸው ከዚህ የተነሣ ነው። በዋናው መንገድ ቢሄዱ ሰላምታ አለ፤ ሰላምታ ደግሞ በአገራቸው አንድ ቃል አይደለም፤ እንደምን ከረምህ ተብሎ፣ እናት ተጠይቃ፣ ከብቱ ተጠይቆ፣ አዝመራው ተጠይቆ፣ እንደገና ወደ እንደምን ከረምህ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ማለፍ ሰባት ቤት ጠላት ማፍራት ነው። ስለዚህ እንደ ሰላይ በጓሮ በጓሮ ሊሄዱ ቆረጡ። ጥቁር ጃኬት ለበሱ፣ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው አወረዱ፣ ጥቁር መነጽር አደረጉ። ይህን ያደረጉት በኅዳር ፀሐይ፣ በበዓል ቀን፣ ነጭ በለበሰ አገር መካከል እንዳይታዩ ብለው ነው። በአገሩ ያለ ውሻ ሁሉ አያቸው።

ጽዋውን አቅፈው፣ ጅረቱን ተሻግረው፣ እስከ ወይዘሮ ወይኒቱ ጓሮ ድረስ በሰላም ደረሱ። ወይዘሮ ወይኒቱ የበርበሬ ባለጸጋ ናቸው፤ በዚያ ወር ጓሯቸው በሰሌን ላይ በተሰጣና በተከመረ በርበሬ ቀልቶ ነበር። ሰው በዓል ቢያከብር ሌባ አያከብርምና፣ ጎረቤታቸውን አቶ ባምላኩን ሽመል አስይዘው ዘብ አቁመው ነበር። ገደፋው አቶ ባምላኩን ባዩ ጊዜ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ሽመሉን ፈርተው አይደለም፤ አቶ ባምላኩ የአባታቸው ወዳጅ ነበሩና ሰላምታቸው እስከ ቀትር የሚዘልቅ ስለሆነ እንጂ። የጊዮርጊስ ማኅበርተኛም ነበሩና የሚካኤሎችን የዝምታ ሕግ አያውቁትም። ስለዚህ ገደፋው ከበርበሬው ክምር ጀርባ ተንበረከኩ፣ ጽዋውንም ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ።

ያን ጊዜ ነፋስ መጣ።

በርበሬውን ዳሶ መጣ። አፍንጫቸውን በመጀመሪያ በላቸው፣ ቀጥሎ ሞቀ፣ ቀጥሎም እንደ ጥሩምባ ተነፋ፤ ሁለት እጃቸው በጽዋው ተይዟልና አፍንጫ የሚይዝ እጅ አልነበረም። ባለፉት ዓመታት በማይካቸው ያስነጠሷቸው ሰላዮች ሁሉ በዓይነ ኅሊናቸው ተሰለፉ፤ አንዱም አላዘነላቸውም። አስነጠሱም።

ከክምሩ ማዶ አቶ ባምላኩ፣ ሽመላቸውን ከማንሣታቸው በፊት፣ እንደ ጨዋ ሰው «ይማርህ!» ሲሉ አወጁ።

እነሆ የዚህ ዜና ጭንቅ ሁሉ በዚህ ላይ ቆመ። ይማርህ የተባለ ሰው ያኑርህ ይላል፤ ይህም ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ፣ ምላስ አእምሮን ሳይጠይቅ የሚለው ነው። መልሱ ከጉሮሯቸው ተነሥቶ እስከ ጥርሳቸው ደረሰ፤ ጥርሳቸውን ገጠሙበት። ሁለተኛ አስነጠሱ፤ ሁለተኛ «ይማርህ!» ተባለ፤ ድምፁ ግን ቀዝቅዞ ነበር። ሦስተኛ ሲያስነጥሱ ወይዘሮ ወይኒቱ ከቤት ወጡና አዋጅ አስነገሩ፦ «የሰማህ ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! ተመርቆ ተመርቆ ያኑርህ የማይል የክርስቲያን ልጅ የለም! ወይ ጋኔን ነው ወይ የበርበሬ ሌባ ነው! ጋኔን ከሆነ በጠበል፣ ሌባ ከሆነ በዘነዘና!»

ጠበል በቅርብ አልነበረም።

ገደፋውም ሮጡ። የተከተላቸው ሠራዊትም ይህ ነው፦ ከፊት ወይዘሮ ወይኒቱ ባለ ዘነዘና፣ ቀጥሎ አቶ ባምላኩ ባለ ሽመል፣ ቀጥሎ የሦስት ቤት ውሾች፣ ቀጥሎ ከቅዳሴ የሚመለሱ ምእመናን፣ ለምን እንደሚሮጥ ሳይጠይቁ የሮጡ፤ በመጨረሻም አንዲት ፍየል። መነጽራቸው ወደቀ፣ ጃኬታቸውን አጋም ቀማቸው፤ ቦዩን ሲዘሉ ጠላው እስከ ጽዋው አፍ ደርሶ ተመለሰ፣ ሱሪያቸው ግን ከኋላ ተተረተረና አልተመለሰም። የሠራዊቱ እኩሌታ መሳቅ ጀመረ፤ እኩሌታው ድንጋይ ይለቅም ነበር። ገደፋውም እየሮጡ በልባቸው እውነቱን መሰከሩ፤ ይህን በፊልም ቢያዩት ኖሮ ይስቁ ነበር፣ ማስነጠሱም በዛ ብለው ይተቹ ነበር።

እንዲሁ እየተባረሩ በአባታቸው ደጅ ገቡ፤ ጽዋውንም በሙሴው በአቶ ክንፈሚካኤል እጅ አኖሩ። ሠራዊቱ ተከትሎ ግቢውን ሞላው። አቶ ባምላኩ የማስነጠሱን ነገር ከሥሩ አስረዱ፤ ያን ጊዜ መሐሪ ወደ ፊት ወጥቶ አወጀ፦ «ሕግ ይከበር! ከአፉ ድምፅ ወጥቷል፤ ምስክሯም ዘነዘና ይዘው ቆመዋል! ወንበሩ የኔ ነው!»

ወይዘሮ ማሚቱ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ገደፋው አፋቸው ገና አልተፈታምና ሙግት ሞልቶባቸው፣ ፊታቸው እንደ በርበሬው ቀልቶ ቆሙ።

አቶ ክንፈሚካኤል የጽዋውን ጨርቅ ገልጠው አዩ፤ እንደገናም አዩ፤ ከዚያም አወጁ፦ «ይህ ሕግ ከሐዋርያት የወረደ መስሏችሁ ይሆናል። ያወጣነው እኛ ነን፤ ያወጣነውም በዚህ ልጅ አባት ምክንያት ነው። ገብረ ኢየሱስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጽዋ ይዞ በየደጁ ሲያወጋ፣ ላዳመጠው ሁሉ ሲያቀምስ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ባዶ ሸክላ ያመጣልን ነበር። ሕጉን ለጽዋ አድራሽ ሁሉ ካወጣንም በኋላ በጥቅሻ እያወራ ባዶ አመጣ። ዛሬ ከዚያ ቤት ሙሉ ጽዋ መጣ። ማስነጠስ የእግዜር ነው፤ መመለስ ነው የሰው፤ ልጁም አልመለሰም። መሐሪ፣ ከወንበሩ ዘወር በል። ገደፋው፣ አፍህ ተፈታ!»

ወይዘሮ ማሚቱ የባላቸውን ስም በሰሙ ጊዜ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሕዝቡ ሁሉ የድል አድራጊውን የመጀመሪያ ቃል ጠበቀ። ገደፋውም የተተረተረውን ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ወደ አቶ ባምላኩና ወደ ወይዘሮ ወይኒቱ ዞረው፣ እጅ ነሥተው፣ «ያኑራችሁ!» አሉ። ዘነዘናውም ወረደ። ከዚያ በኋላ ጀምበር እስክትጠልቅ አፋቸውን አልዘጉም።

ከዚያ ዕለት ወዲህ በቡሬ ያለ ሰላይ ሁሉ ከፎቅ ተንጠልጥሎ ሲያስነጥስ ተመልካቹ በአንድ ድምፅ «ይማርህ!» ይለዋል፤ ሰላዩም ጠላት ቢከበው፣ ገመዱ ቢበጠስ፣ «ያኑራችሁ» ሳይል አይወድቅም።

እንግዲህ ሞአ በርበሬ፣ የግማሽ ቀን ዝምተኛ፣ የገብረ ኢየሱስ ልጅ፣ የጽዋ አድራሽ ገደፋው ይመስገኑ! ወንበራቸው ይጽና፣ አፍንጫቸው ይታገሥ፣ ጽዋቸው አይጉደል! አባታቸው ያጎደሉትን ሞልተዋልና፤ ሱሪያቸው ግን እስከ ዛሬ አልተሰፋም።