ነገሩ እንዲያ አይደለም

ሁሉን አዋቂ የሌለው ሰፈር በዓለም ላይ የለም። ለእኛ ለደብረ ብርሃኖች የደረሱን ሱፍ ነጋዴው አቶ ወርቅአገኘሁ ነበሩ፤ በሙሉ ማዕረጋቸው ሊቀ ሊቃውንት ዘሬዲዮ። ማዕረጉን ያወጣንላቸው ለቀልድ ነው፤ እርሳቸው ግን በጸጋ ተቀበሉት።

«ዛሬ ብርዱ ጠንክሯል» ካሏቸው፣ «ነገሩ እንዲያ አይደለም» ይላሉ። «እንደምን አደሩ?» ላላቸውም መልሳቸው ያው ነው።

በ1958 ዓ.ም. ከሬዲዮ አንድ ነገር ሰሙና ሰላም ነሱን። ፈረንጆች ከአቶም ያነሱ ቅንጣቶችን በትልቅ መሣሪያ እያጋጩ፣ ዓለም ስትጀመር ምን ትመስል እንደነበር ይመረምራሉ።

«ያኔ ሁሉም ትኩሳት ነበር» ይሉናል፤ «ቅንጣትና ብርሃን ብቻ። ከዚያ እየሰፋ እየበረደ መጣ። ሬዲዮው በጣቢያና በጣቢያ መካከል ሲንሿሿ፣ ከዚያ ትኩሳት የተረፈ አለበት።»

«ደብረ ብርሃንስ በርዶ ጨርሷል» አለች ጎረቤታችን ይመኙሻል።

«ነገሩ እንዲያ አይደለም። ገና ይበርዳል።»

እኔ በዚያው ሰሞን የአቶ ወርቅአገኘሁን ልጅ ብርሃነሽን እንዲሰጡኝ ሽማግሌ ላክሁ። መሪው አጎቴ መሪጌታ ገብረ ሕይወት ናቸው፤ ሃይማኖት የሚነካ ቃል ከሰሙ ሳይሰናበቱ የሚሄዱ ሰው። የእኛንና የእነርሱን ግቢ የሚለየው አጥር ብቻ ስለነበር፣ በረንዳቸው ላይ የተቀመጡትን በስንጥቁ እያየሁ ተደብቄ አዳምጣለሁ። አቶ ወርቅአገኘሁ ስለ ሱፍ ብቻ እንዲያወሩ ተሳልኩ።

ስለቴ አልሰመረም። አማቴ ይሆናሉ ያልኳቸው ሰው ሁለት ብርሌ አንስተው «እንዲህ ነው የሚያጋጯቸው» አሉና አጋጩ። አንዱ ተሰበረ፤ ጠጁ የመሪጌታ ጋቢ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ስለ መጀመሪያው ብርሃን ቀጠሉ።

መሪጌታ ጋቢያቸውን እየጠረጉ ጠየቁ፤ «ከፀሐይ በፊት ብርሃን ነበረ ነው የሚሉኝ?»

«እጅግ በፊት።»

«እንግዲያው ተጽፏል። ብርሃን እሑድ፣ ፀሐይ ረቡዕ ነው የተፈጠሩት። ፈረንጆቹ ዘግይተው ደረሱ።»

ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። እርሱ ከተነገረ ብርሃነሽ ቀረችብኝ። አቶ ወርቅአገኘሁ አፋቸውን ከፈቱ፤ በር ላይ የቆመችውን ልጃቸውን አዩና መልሰው ዘጉ። እንደገና ከፈቱ።

«ነገሩ...» አሉ፤ «እንዲያ ነው።»

ከዚያ ሦስት ቀን አልጋ ላይ ዋሉ። ብርድ ነው ተባለ።

ዛሬ እርሳቸው የሉም፤ ሬዲዮአቸው እኛ ቤት ነው። ይህን ያህል ይናፍቁኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ትናንት ጣቢያ ስፈልግ ሲንሿሿ ብርሃነሽ ሰማችና፣

«ይኸ ነገር ተበላሽቷል፤ ዝጋው» አለችኝ።

«ነገሩ እንዲያ አይደለም» አልኳት።