ባምፐሩን ያቀናሁት እኔ አይደለሁም

ዛሬ ረፋድ ላይ የለጠፍኩትን ፎቶ ላይክ ያደረጋችሁ ሁሉ፣ በትሕትና እለምናችኋለሁ፤ ላይካችሁን መልሳችሁ ውሰዱልኝ።

«ጎበዝ» ያላችሁኝም ውሰዱ። «እጅህ ወርቅ ነው» ያላችሁኝም ውሰዱ። በተለይ «ዲላ እንዳንተ ዓይነት ሰው ነው የጎደላት» ያልከኝ ወንድሜ፣ ኮሜንትህን ሳነብ አንገቴን ነው የደፋሁት።

ፎቶው ላይ ያለው የፒክአፕ ባምፐር፣ ያ የፊቱ መከላከያ ብረት፣ ቀጥ ማለቱ እውነት ነው። «በቤት ውስጥ፣ በራሴ እጅ» የሚለው ጽሑፍ ነው ውሸቱ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

መኪናዋ የኔ አይደለችም። የአማቴ ናት። አማቴ አቶ በራሶ ይባላሉ፣ ዱመርሶ ቡና ያለሙ ሰው ናቸው። ቃል ይቆጥባሉ። ልጃቸውን መሠረትን ካገባሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ በነዚህ ሁለት ዓመታት ከሳቸው የሰማሁት ንግግር ቢሰበሰብ አንድ ፖስት አይሞላም።

እኔ ደግሞ የሱቅ ልጅ ነኝ። አባቴ ከቡታጅራ መጥቶ እዚህ ዲላ ሱቅ ከፈተ፣ እኔም ደብተርና እስክሪብቶ እየሸጥኩ እኖራለሁ። አማቴ መጀመሪያ ያዩኝ ዕለት እጄን ጨብጠው፣ መዳፌን ገልብጠው አዩት። ምንም አላሉም።

ምን ይበሉ? የሕፃን መዳፍ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ግን ቁም ሳጥን እንዳመጣበት ፒክአፓቸውን አዋሱኝ። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡና ጣቶቼን በገዛ እጃቸው አጠፉልኝ።

ለናንተ ቁልፍ ነው። ለኔ ሁለተኛ ሠርጌ ነበር!

ዛሬ በስድስት ሰዓት መጥተው ሊወስዷት ተቀጣጥረናል። ነገ ለትንሹ ልጃቸው ሚስት ሊጠይቁ፣ ሽማግሌዎች አሳፍረው ቡሌ ይወጣሉ። እኔም መኪናዋን አሳጥቤ በክብር ላስረክብ ብዬ በጠዋት ተነሳሁ።

ማታ የጣለው ዝናብ ግቢውን አጨቅይቶታል። ወደ በሩ ሳወጣት ጎማው ተንሸራተተና የፊቷ ግራ ጥግ ከግንቡ ምሰሶ ጋር ተሳሳመ።

ድምፁ ትንሽ ነው። «ጓ» ብቻ።

ወርጄ አየሁ። ባምፐሩ በግራ በኩል ወርዷል፣ በቀኝ በኩል ወደ መብራቱ ወጥቷል። መኪናዋ በአንድ ጉንጯ የምትስቅ ትመስላለች።

በማን እንደምትስቅ አትጠይቁኝ።

ሰዓቴን አየሁ፤ ሁለት ተኩል። መሠረት ሥራ ገብታለች። ግቢው ውስጥ እኔና ጠማማው ባምፐር ብቻ ነን።

«ጋራዥ አትወስዳትም?» ትሉኝ ይሆናል። ዲላ ውስጥ ያቺን ፒክአፕ የማያውቅ መካኒክ የለም። አንድ ቡሎን ሳይፈታ ወሬው ዱመርሶ ይደርሳል።

ደግሞስ በዚህ ፔጅ ላይ «ለትንሽ ትልቁ ጋራዥ አትሩጡ፣ ራሳችሁ ሞክሩት» እያልኩ የምመክራችሁ እኔ አይደለሁም? እስከ ዛሬ በራሴ እጅ የቀየርኩት የዝናብ መጥረጊያ ጎማ ብቻ መሆኑን አልነገርኳችሁም እንጂ።

ስለዚህ ቪዲዮ ከፈትኩ። ንጹሕ ጓንት ያጠለቀ ሰውዬ፣ በንጹሕ መሬት ላይ፣ በአራት ደቂቃ ጨረሰው።

እኔም ጀመርኩ። የግራውን ቡሎን አላላሁ፣ ባምፐሩን በመኪና ማንሻው ክሪክ ከፍ አደረግኩ፣ መልሼ አጠበቅኩ። ተነስቼ ሳይ ግራው ተስተካክሏል። ቀኙ ግን መብራቱን ሊወጋ ደርሷል።

ቀኙን አወረድኩት። ግራው ወደ ፊት ወጣ።

ግራውን በመዶሻ መታሁት። ቀለሙ ተላጠ።

ከዛ «በቃ፣ ሙሉ በሙሉ ልፍታውና ከዜሮ ልጀምር» አልኩ። የመጨረሻውን ቡሎን ስፈታ ባምፐሩ እንዳለ እግሬ ላይ ወረደ።

ጩኸቴን የሰሙት ጎረቤቴ እትዬ ራውዳ ናቸው።

እትዬ ራውዳ በግቢያችን፣ በመንገድ በኩል ያለችውን ክፍል ተከራይተው ልብስ ይሰፋሉ። ሰሞኑን የተማሪ ዩኒፎርም ተደራርቦባቸው ቀና አይሉም። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ይውላል። አምስት ዓመት ስንጎራበት ከሳቸው ጋር ያወራሁት ስለ ሱሪ ቁመት ብቻ ነበር።

መጥተው እግሬን አዩ። ባምፐሩን አዩ። ከዛ እግሬን ረሱትና ባምፐሩን ደግመው አዩት።

«ምን እያደረግክ ነው ልጄ?»

«ተጣሞብኝ እያቀናሁት ነው፣ እትዬ።»

«ከጠዋት ጀምሮ በመስኮት አይሃለሁ። ትጎትተዋለህ እንጂ መች አቀናኸው። ቀሚስ ጫፉ ሲዛባ ጫፉን ትጎትታለህ?»

«አይጎተትም?»

«ትከሻው ነው የሚታየው።»

እውነቱን ልናገር ብያለሁና ልናገር። በልቤ «ይሄ እኮ ብረት ነው፣ ሴትዮ» አልኩ። አዎ፣ አልኩ። ስድቡን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ይገባኛል።

እሳቸው ግን ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጭቃው ላይ ቁጢጥ አሉ። «ይሄን የሚሸከመው የቱ ነው?» አሉ። ባምፐሩን ከሻሲው፣ ከመኪናዋ አጽም፣ ጋር የሚይዙትን ሁለት ብረቶች አሳየኋቸው።

«ፍታቸው።»

ፈታኋቸው። ልብስ የሚቆርጡበትን ካርቶን አመጡ፣ ሁለቱን ብረቶች ጎን ለጎን አጋደሙ፣ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። ከብረቱ ጫፍ እስከ ቡሎኑ ቀዳዳ ለኩ። አንዱን ለኩ፣ ሌላውን ለኩ።

ከዛ የግራውን ብረት አንስተው ላዩን ወደ ታች፣ ታቹን ወደ ላይ ገለበጡና መልሰው አስቀመጡት።

ቀዳዳዎቹ እኩል ሆኑ።

«አየህ? ይሄኛው ተገልብጦ ነው የታሰረው። አንዱ እጅጌ ተገልብጦ የተሰፋበት ኮት ማለት ነው። ጫፉ ላይ የተጣመመው ያንተ ነው፣ አዲስ ነው። መገልበጡ ግን የቆየ ነው። ዝገቱን እየው።»

አየሁት። ዝገቱ ዓመታት ያስቆጠረ ነው።

እዚህ ላይ ነው በልቤ ያልኩትን በልቤ የዋጥኩት።

የተጣመመውን ጫፍ ድንጋይ ላይ አስደግፌ እሳቸው ባሉኝ ቦታ፣ እሳቸው ባሉኝ ልክ መታሁት። «በቃ» ሲሉኝ አቆምኩ። ከዛ ከክፍላቸው ጥቁር ክር አመጡና ከግራው መብራት እስከ ቀኙ መብራት ወጥረው አሰሩት። ባምፐሩን አንስቼ ያዝኩ።

ሥራዬ መስቀያ መሆን ነበር። ጥሩ መስቀያ ነኝ፣ ይሄን አትንፈጉኝ።

ቡሎኖቹን ሁሉ በጣት ብቻ አስገቡ። የቡሎን መፍቻ ቁልፍ ላንሳ ስል እጄን መታ አደረጉኝ።

«ቆይ። መጀመሪያ ላላ ታደርገዋለህ። ሰውየው ላይ ታለብሰዋለህ። ታያለህ። የሚሰፋው መጨረሻ ላይ ነው።»

ከክሩ እስከ ባምፐሩ በግራ ለኩ፣ በቀኝ ለኩ። «ግራውን የጥፍር ያህል ከፍ። በዛ። መልሰው። እዛው ላይ።» በልብስ ጠመኔያቸው ምልክት አደረጉ። ከዛ ቁልፉን ሰጡኝ። ከዚህ በኩል ትንሽ፣ ከዛ በኩል ትንሽ እያልኩ እንዳጠብቅ አዘዙኝ።

«አንዱን ጨርሰህ ካጠበቅክ ሌላው ይሸበሸባል» አሉ።

ብረት ይሸበሸባል? እንጃ። እሳቸው ካሉ ይሸበሸባል።

አምስት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ወደ ኋላ ራቅ ብዬ አየሁ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ... ያቺ መኪና ፊቷን ታጥባ የተነሳች መሰለች። እኔ ስረከባት እንኳ እንደዚህ ቀጥ አላለችም ነበር።

እትዬ ራውዳ ክሩን ፈቱ፣ ጣታቸው ላይ ጠቀለሉ፣ «እግርህን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ክተተው» ብለው ወደ ዩኒፎርማቸው ተመለሱ።

እኔ ምን አደረግኩ?

ስልኬን አወጣሁ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ «በቤት ውስጥ፣ በራሴ እጅ» ብዬ ለጠፍኩ።

ላይኩን እየቆጠርኩ ሳለሁ አማቴ መጡ። ተቀጣጥረን ከነበረው ሰዓት ቀድመው ነው የመጡት። ሰላም አሉኝና እንደ ልማዳቸው መኪናዋን አንድ ዙር መዞር ጀመሩ። ፊት ለፊቷ ሲደርሱ ቆሙ።

በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

ባምፐሩ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። በጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። ቀለሙ ድሮም ብዙ ቦታ የተላጠ ስለሆነ እኔ በመዶሻ የላጥኩት አልታየም።

«ልጄ» አሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ «ልጄ» ብለውኝ አያውቁም። «ይሄ ባምፐር፣ መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሦስት መካኒክ አየው። ተፈጥሮው ነው አሉኝ። አንተ ነህ ያቀናኸው?»

እንግዲህ ፍረዱኝ። «አይ፣ አባባ» ለማለት ስንት ፊደል ይበቃ ነበር?

ራሴን ነቀነቅኩ። ወደ ታች።

አማቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እጅህ ይባረክ።»

«አሜን።»

«ቤትህ ይቃና።»

«አሜን።»

«ልጅ ውለድ። ልጅህም እንዳንተ ያባቱን ጠማማ የሚያቃና ይሁን።»

ሦስተኛው አሜን ከአፌ ሲወጣ የእትዬ ራውዳ የስፌት መኪና ጸጥ አለ። በራቸው ክፍት ነው። ሁሉንም ሰምተዋል። ትንሽ ቆይቶ መኪናው መስፋቱን ቀጠለ።

ወጥተው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አማቴ ቁልፉን ተቀብለው ገቡ፣ ሞተሩን አስነሱ። እኔ ቆሜያለሁ። እግሬ ይጠዘጥዛል። ያ ምርቃት ደግሞ ጀርባዬ ላይ እንደ ኩንታል ተጭኗል። የቆንጨራ ጠባሳ ያለበት የሳቸው እጅ የኔን የሕፃን መዳፍ ባርኮ ሊሄድ ነው።

እያነከስኩ ሮጥኩና የመኪናዋን መስኮት ያዝኩ።

«አባባ፣ አንድ ነገር አለ። ሁለት ነገር አለ።»

ነገርኳቸው። ጠዋት ከግንቡ ጋር ማጋጨቴን ነገርኳቸው። ያቀኑት እትዬ ራውዳ መሆናቸውን፣ እኔ ባምፐሩን ይዤ ከመቆም በቀር ምንም አለመሥራቴን ነገርኳቸው። ስናገር ዓይናቸውን ማየት ስላልቻልኩ መሪውን ነበር የማየው።

ሞተሩን አጠፉ።

«ግንቡ ተጎዳ?»

«ትንሽ።»

ከመኪናዋ ወረዱ። እኔን አልፈው ወደ እትዬ ራውዳ በር ሄዱ። ደጃፉ ላይ ባርኔጣቸውን እንደገና አውልቀው ጎንበስ አሉ።

«እህቴ፣ ሦስት መካኒክ ያላየውን እንዴት አየሽ?»

እትዬ ራውዳ ብድግ ብለው ሰላምታውን ተቀበሉ። ከጉልበታቸው ላይ የክር ቁርጥራጭ አራገፉ።

«ወላሂ ጋሼ፣ ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ሃያ ዓመት ስሰፋ ስንቱን እጅጌ ገልብጬ ሰፍቻለሁ መሰለዎት? ስህተቱን የማውቀው ሠርቼው ስለማውቅ ነው።»

ወገኖቼ፣ ይሄን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡት። እኔ ያልሠራሁትን ሠራሁ ብዬ በለጠፍኩበት ቀን፣ እሳቸው የሠሩትን ትልቅ ነገር በስህተታቸው አሳበቡት።

አማቴ ለረጅም ጊዜ መረቋቸው። አንዳንዱ በጌዴኦኛ ስለነበር አልገባኝም፤ እትዬ ራውዳ ግን ሁሉንም «አሚን» አሉ።

ከዛ ወደኔ ዞሩ። እንግዲህ ምርቃቴን ነጥቀውኝ ሊሄዱ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

«ምርቃት ከአፍ ከወጣ አይመለስም» አሉ። «አንተ ላይ ቀርቷል። እንግዲህ ልክህ ይሁን።»

«ከሰፋው እኔ አጠብብለታለሁ» አሉ እትዬ ራውዳ።

አማቴ ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ዛሬ ገና ነው። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁና፣ መኪናዋን አስነስተው ወጡ።

መሠረት ለምሳ ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት። እግሬን አይታ፣ «እና እትዬ ራውዳን አመሰገንክ?» አለችኝ።

አላመሰገንኩም ነበር።

እያነከስኩ ሄድኩ። ይቅርታም ጠየቅኩ፣ አመሰገንኩም፣ ለዚህ ፖስት ፎቶ ላንሳዎት ብዬም ለመንኩ። ፎቶውን እንቢ አሉ። ለሰኞ የሚደርስ ዩኒፎርም አለባቸው። በርጩማ ገፋ አደረጉልኝና የተገለበጠ እጅጌ እንድፈታ ምላጭ ሰጡኝ። አንዱን ለመፍታት ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ እሳቸው በዛ ሰዓት ሁለት ሸሚዝ ጨርሰዋል።

ይሄን የምጽፈው እዛው በርጩማ ላይ ሆኜ ነው።

እስቲ ሐቁን ተናገሩ፤ የሰው ምርቃት ሰፍቶት መሬት እያስጎተተ የሚዞር እኔ ብቻ ነኝ?