ውሪት ደረቅ ትብላ ወይስ እርጥብ

አባቴ በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ላሊበላ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። በማግስቱ ተቀበሩ። ከሰልስቱ በኋላ ድመታቸው ውሪት መብላት አቆመች። እናቴ ደግሞ ከእሷ ቀድመው አቁመው ነበር።

በዚህ ቅደም ተከተል የጻፍኩት ልማድ ሆኖብኝ ነው። የዜና ሰው መጀመሪያ የሆነውን ይናገራል፣ ቀጥሎ መቼ እንደሆነ። ለምን እንደሆነ የሚናገረው የሚያውቅ ምንጭ ሲያገኝ ብቻ ነው። እኔም ለዚህ ጉዳይ ምንጭ ፍለጋ እስከ አዲስ አበባ ደውያለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ድመት ያለው ሰው አሁን አሁን በሁለት ጎራ ተከፍሏል። አንዱ በከረጢት የሚሸጠውን፣ ቆሎ የሚመስለውን ደረቁን ይመርጣል፤ አይበላሽም፣ አይሸትም፣ ጠዋት ሰፍረው ትተውት ቢወጡ ማታም እዚያው ነው። ሌላው በቆርቆሮ የታሸገውን እርጥቡን ይመርጣል፤ ድመት ውሃ መጠጣት አትወድም፣ ያረጀች እንደሆነ ደግሞ ጥርሷም አያግዛትም ይላል። ድመት የሌላችሁ አንባቢዎች ይህ ቅንጦት ይመስላችኋል። አልፈርድባችሁም። ያደግኩበት ላስታ ውስጥ የድመት ምግብ የሚባል ነገር የለም። ድመት አለ፣ ምግብ አለ፤ ሁለቱ የሚገናኙት ገበታው ሲነሳ ነው።

አባቴ ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ያለችው የአሸተን ማርያም ቄስ ነበሩ። በጾም ቀን ቀድሰው፣ ያንን ቁልቁለት በመቋሚያቸው ተደግፈው ወርደው ቤት የሚደርሱት ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። እናቴ ገበታውን ከድነው ይጠብቋቸዋል። ውሪት ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች። ይህን ሥርዓት የማውቀው በልጅነቴ ቤታችን ከነበሩት ድመቶች ነው፤ ውሪት የመጣችው እኔ ከቤት ከወጣሁ በኋላ ነው።

የቅሬው፣ ማለት የእድሩ፣ ሰዎች ድንኳናቸውን ነቅለው ከሄዱ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እናቴ፣ ታናሽ እህቴ ታደለች፣ እኔና ውሪት ነን። ታደለች ከእናቴ ጋር የኖረችው፣ አባቴንም ያስታመመችው ልጅ ናት። ሰሃን ይዛ ትገባለች፣ እንደያዘችው ትወጣለች። እናቴ ጠበል ይጠጣሉ፤ ከብዙ ልመና በኋላ ጥቂት የበሶ ብጥብጥ ይጎነጫሉ፤ ሌላ የለም። ጉንጫቸው ሲጎድል በዓይን ይታይ ነበር። ሥራ ተዉ ቢባሉም የማይተዉት አንድ ነገር ቢኖር ጎታ ቤቱን መጥረግ ነው። አጎቴ ከሚኖርበት ከሙጃ ለአርባው ጠላ የሚሆን ገብስ ጭኖ አምጥቶ ከጎታው ጎን ጆንያውን ደርድሮታል። እናቴ ማለዳ ተነስተው ግድግዳውን ይዘው እየሄዱ ዙሪያውን ይጠርጋሉ። ታደለች መጥረጊያውን ልትቀበላቸው ብትሞክር አልሰጡም። ሐዘን እንዲህ ያደርጋል ብለን ተውናቸው።

አንድ ቀን ታደለች እግራቸው ሥር ተንበርክካ፣ "እማ፣ ስለ አባባ ነፍስ ብለው አንድ ጉርሻ ይቅመሱ" አለቻቸው።

እናቴ ጥግ ላይ የተጠቀለለችውን ድመት አዩና፣ "እሷ ስትበላ እበላለሁ" አሉ።

ያዘነ ሰው የተናገረውን ሁሉ ቃል በቃል መያዝ አይገባም ይባል ይሆናል። እኔ ያዝኩት። ሥራችን ታወቀ፤ ውሪት መብላት አለባት።

መጀመሪያ የጠራሁት በአካባቢው ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። የላምና የበግ ሰው ነው። "ለድመት ተጠርቼ አላውቅም። ትንሽ በግ ናት ብዬ ልያት" አለ፤ ሲለው ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። ሆዷን ዳሰሰ፣ ዓይኗን ገለጥ አድርጎ አየ፣ "የተራበች አትመስልም" ብሎ ሄደ። ይህ አስተያየት እንጂ መረጃ አይደለም ብዬ አለፍኩት። ቀጥዬ አዲስ አበባ ላለ የእንስሳት ሐኪም ወዳጄ ደወልኩ። እሱ መረጃ ሰጠኝ፤ ድመት ለቀናት ካልበላች ጉበቷ ይጎዳል፣ ቶሎ ነው፣ ቀልድ የለውም። ወደ ላሊበላ በሚበር ሰው እጅ አንድ ከረጢት ደረቅና ጥቂት ቆርቆሮ እርጥብ ላከልኝ። "ሞክሩና የወደደችውን ምረጡ" አለ።

እኔ ደረቁን መረጥኩ፣ ታደለች እርጥቡን። እናቴ ከረጢቱን አገላብጠው አዩና፣ "ምን አለበት?" ሲሉ ጠየቁ።

ጀርባው ላይ የተጻፈውን አነበብኩላቸው። ዶሮ አለበት። ቆርቆሮውም ዓሣ ነው።

"እሷ አትጾምም። ዕቃዬ ግን ይጾማል" አሉ።

ስለዚህ ደረቁን በቀለም ቆርቆሮ ክዳን፣ እርጥቡን በተቆረጠ ጀሪካን ቂጥ ደጅ ላይ አቀረብን። ውሪት መጣች። ደረቁን አሸተተች። እርጥቡን አሸተተች። ከዚያ ሁለታችንንም፣ ዋጋ አልስማማ ብሎት እንደሚሄድ ገበያተኛ አየችንና ተመልሳ ገብታ እናቴ ፊት ቁጭ አለች። ዓይኗን ከእናቴ አልነቀለችም። በማግስቱ እርጥቡን አሞቅነው፣ ወዳጄ ሲሞቅ ሽታው ይጠራታል ብሎ ነበር። ደረቁንም በውሃ አራስነው። የተጠራው የጎረቤት ውሻ ነው።

ታደለች የከተማውን ነገር ተወችና ቤት ያለውን ሠራች፤ በርበሬ የሌለው ሽሮ፣ የለሰለሰ ፍትፍት። እኔ እንጀራ ለድመት ጉበት ምንም እንደማያደርግ፣ የሚያስፈልጋት ሥጋ እንደሆነ ምንጬን ጠቅሼ አስረዳኋት።

"ዜናውን አቁምልኝ" አለች። "እስከዛሬ ምን ስትበላ የኖረች ይመስልሃል?"

"የኖረችው ሌላ፣ አሁን ያለችበት ሌላ ነው። የሚጠቅማት ደረቁ ነው፤ ትንሽ ቢበቃት እንኳ ..."

"አባባ ስድስት ወር ሲተኙ የቱ ይዋጥላቸዋል፣ ደረቁ ወይስ እርጥቡ ብለህ ደውለህ ታውቃለህ?"

 አልደወልኩም ነበር። እሷም ፍትፍቱን መሬት ላይ አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። 

"ታዱ" አሉ እናቴ። "ያንን ፍትፍት ወዲህ በይው።"

ሰጠቻቸው። በሦስት ጣታቸው ቆንጠር አድርገው ቀመሱ።

"ጨው የለውም።"

"ለድመት ነው እኮ፣ እማ።"

"ለድመትም ቢሆን።"

ጨው መጣ። እናቴ ነሰነሱ፣ አማሰሉ፣ ደግመው ቀመሱ። ሦስተኛውን መቅመስ አልለውም፤ ጉርሻ ነው። አራተኛውም። ታደለች እጇን አፏ ላይ አድርጋ እንደቆመች ቀረች። እናቴ የተረፈውን ወደ ሰሃኑ ዳር ሰብስበው ምንጣፉ ጫፍ ላይ አኖሩት። ውሪት ተነሳች፣ ተንጠራራች፣ መጥታ በላች። ሰሃኑን ላሰችው።

እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሥራዬ ነው።

"እኛ ሳንቀምስ ለእሷ ሰጥተን አናውቅም" አሉ። "አባታችሁ ሳይቀምሱ እኔ አልቀምስም፣ እኔ ሳልቀምስ እሷ አትቀምስም። እንዲህ ነው የኖርነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?"

"ደረቅ ነው እርጥብ ነው አላችሁ እንጂ ማን ጠየቀኝ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ በሉ፣ ውሪትም በላች። ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ ታሪኩን ለወዳጄ ነገርኩት፤ ለሌላም ሰው ነገርኩ። ያገኘሁት ማብራሪያ ጥሩ ማብራሪያ ነበር። ድመቷ እናቴን ትጠብቃለች፣ እናቴ ድመቷን ይጠብቃሉ፣ ሁለቱም ከእንግዲህ ቁልቁለቱን የማይወርድ ሰው እየጠበቁ ተያይዘው ይራባሉ። የሰማው ሁሉ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። እኔም ከደረቅና ከእርጥብ ይልቅ የሚበልጥ ጥያቄ እንዳለ፣ እሱም ማን ይቅደም የሚለው እንደሆነ አውቄአለሁ ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። አንድ ነገር ብቻ አላጣራሁም። በጉዳዩ ውስጥ ሁለት የተራቡ እንዳሉ የወሰድኩት ከራሴ ነው።

ለአርባው ተመለስኩ። ጾሙ አልወጣም፣ ዕቃውም እየጾመ ነው። ለጠላው የሙጃውን ገብስ እናውጣ ተባለና እኔና ታደለች ጎታ ቤት ገባን። ጆንያዎቹ አጎቴ ከደረደራቸው ቀን ጀምሮ አልተነሱም። የመጀመሪያውን ስንስብ ከግድግዳው ጋር በተፈጠረው ክፍተት ውስጥ፣ መጥረጊያ በማይገባበት ቦታ፣ እንደ ክር የደረቁ የአይጥ ጅራቶች፣ ቁርጥራጭ ቆዳና ጠጉር አገኘን። አንድ ሁለት አይደለም። ውሪት ያንን ሁሉ ሰሞን ከማናችንም በተሻለ ስትበላ ነበር።

ታደለች ጅራቶቹን አየች፣ ከዚያ ከጆንያዎቹ ወዲህ ያለውን ወለል አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። መጥረጊያ የሚደርስበት ቦታ ሁሉ ንጹሕ ነው።

በዚያ ሰሞን ጎታ ቤቱን በየማለዳው የሚጠርጉት፣ እሷ ስትበላ እበላለሁ ያሉት እናቴ ነበሩ።